ሦስት ጣት ዝቅ

ሰውየውን በእናት በአባቱ ስም የሚጠራው የለም። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋራዡ መሀል ቆሞ፣ "ይኼ ሰው ውሃ ልክ ውጦ ነው እንዴ የተወለደው?" ብሎ ከሳቀ ወዲህ ስሙ ውሃ ልክ ሆኖ ቀረ። ሹፌሩ ዝም ብሎ አልነበረም እንዲያ ያለው። ውሃ ልክ የሞላ፣ ማለትም የመኪናን ክብደት ከጎማው በላይ የሚሸከመው የተጠመዘዘ ብረት፣ ሠራተኛ ነው። መኪና ወደ አንድ ጎን አጋድሎ ሲመጣ ሜትር አያወጣም። አምስት ርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ "የግራ ኋላ፣ አንድ ጣት ተኩል" ይላል። ከዚያ ሌላ ሰው ሜትር ዘርግቶ ሲለካው አንድ ጣት ተኩል ይሆናል። አንዳንዱ ደንበኛ ይህን ለማየት ብቻ ጎረቤቱን ይዞ ይመጣ ነበር።

ባለፈው ዓመት ቀኝ ትከሻው ከዳው። የከዳውም በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ሸሚዝ ሲያወልቅ ወጋ ያደርገው ጀመር። ቀጥሎ ከመደርደሪያ ላይ የግራሶ ጣሳ ማውረድ አቃተው። በመጨረሻ ክንዱ ከደረቱ በላይ አልወጣም ብሎ እርፍ አለ። ሐኪሙ የትከሻውን ፎቶ ወደ መብራቱ አንሥቶ ካየ በኋላ፣ "ጅማቱ ተበጥሷል። ከባድ ነገር ተው" አለው።

"ዶክተር፣ እኔ እኮ ሥራዬ መኪና ነው።"

"እንግዲያውስ መኪናውን ተው።"

ይህን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን የምታለብሰው እሷ ናት። "በስተርጅና ሙሽራ አደረግኩህ" ትለዋለች ቁልፉን እየቆለፈች። ድሮ ቢሆን መልስ አያጣም ነበር። አሁን ግን ቱታውን በግራ እጁ ይጎትትና ይወጣል።

የደበቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ጋራዡ በር ላይ አንድ ወንበር አለ፤ ከወንበሩ በላይ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ፊሽካ አለ። ከሁለት ዓመት በፊት የካምቢዮ ሠራተኛው ወገቡ ሲያዝ ባለጋራዡ አልጨከነበትም። "ወዴት ትሄዳለህ? በር ላይ ተቀመጥ፣ መኪና ሲገባና ሲወጣ ንፋ" አለው። በመጀመሪያው ሰሞን ደንበኞች ቆም እያሉ ያማክሩት ነበር። ኋላ በመስኮት ሰላም ማለት ብቻ ሆነ፤ ከዚያ እሱም ቀረ። እዚያው ጋራዥ ውስጥ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው "ፊሽካው" ተባለ። አንድ ማክሰኞ ሳይመጣ ቀረ። እንደማይመለስ ከተሰማ በኋላ ወንበሩን ከአቧራ የሚጠርግ ሰው እንኳ አልተገኘም። ውሃ ልክ በየማለዳው በዚያ በር ሲገባ ዓይኑን ወደ ወንበሩ አያዞርም።

የብረት ነጋዴው የመጣው እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሀል ነው። መኪናው ጥቁር ናት፤ እንደ አንድ ፎቅ ቤት ከፍ ያለች፣ በሯ ሲዘጋ እንኳ የቆዳ መጽሐፍ እንደሚዘጋ ዱፍ የምትል። ነጋዴው ወርዶ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ፣ "ሦስት ጣት ዝቅ እንድትልልኝ ነው የምፈልገው" አለ።

ባለጋራዡ የውሃ ልክ ታናሽ እህት ባል ነው፤ ጨዋታ ያውቃል። "ሰዉ ሁሉ ከፍ ለማለት ነው የሚከፍለኝ። ዝቅ ለማለት ልከፍል ብሎ የመጣ አንተ የመጀመሪያው ነህ" አለና ሳቀ።

ውሃ ልክ አልሳቀም። "ለጌጥ ከሆነ ይቅርብህ። ጉብታ ባየህ ቁጥር ሆዷን ታስፍቃታለህ። ለመግቢያ ከሆነ ደግሞ የጎን መርገጫ ይገጠምልህ፤ ዋጋው የዚህን አንድ አሥረኛ አይሆንም" አለው።

"መርገጫውን ሞክረነዋል ጋሼ። ጠባብ ነው፤ እሱ ላይ ስትቆም ራሷን ያዞራታል።"

"ማንን?"

የመኪናዋ የኋላ በር ተከፈተና መጀመሪያ ምርኩዝ ወጣ። ከምርኩዙ ኋላ አንዲት ቀጭን አሮጊት፣ ልጃቸው ሊደግፋቸው ሲሮጥ በክርናቸው እየገፉት፣ እንደ ምንም ተንሸራተው ወረዱ። ነጠላ ጫማቸውን አስተካክለው ውሃ ልክን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"አንተ ነህ ሐኪሙ?"

"የመኪናዋ ነኝ እማማ።"

"እሱንስ ነው የምልህ። የእኔውማ ተስፋ ቆርጦ ለቆኛል።" ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። "ስማኝ ልጄ። የዚህን ልጅ ንግድ ለማቆም ቤቴን ሸጬያለሁ። ንግዱ ይቺን ወለደ። እኔ ይቺን መኪና ሳያት የማየው ሳሎኔን ነው። ሳሎኔ ውስጥ ደግሞ እንደ ጆንያ ተሸክመው አያስገቡኝም። በእግሬ እገባለሁ፤ አለዚያ እቤት እቀመጣለሁ።"

"ዝቅ ያለ መኪና ግዛ ብዬ ልናገር ነበር" አለ ባለጋራዡ በሹክሹክታ።

"ሰምቼሃለሁ" አሉ አሮጊቷ። "ሌላ ቤት አልገባም።"

ውሃ ልክ ተንበረከከ። አሮጊቷ በሩን ይዘው ቀኝ እግራቸውን የቻሉትን ያህል አነሡ። እሱ ምርኩዙን ከጎናቸው አቁሞ ጫማቸው የደረሰበት ላይ ቀይ ክር አሠረ። ከክሩ እስከ በሩ ደፍ ጠርዝ ያለውን በጣቱ ለካው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ያን ቀን እግራቸው እየተንቀጠቀጠ እንኳ እስኪለካ ድረስ አላወረዱትም። ልቡ የተነካው ያኔ ነው።

"ሦስት ጣት ይቻላል" አለ። "ከሦስት በላይ አይቻልም፤ ጎማው ከበላዩ የሚያቅፈውን ፓራፋንጎ ይበላዋል። ሦስት ግን ይቻላል።"

ዋጋው ደግሞ ቀላል አልነበረም። ውሃ ልክ ጠመኔ አውጥቶ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ጻፈ። ለራሱ ሁልጊዜ የሚቆጥረው በደመወዙ ነው። አራት አጭርና ጠንካራ ሞላ፣ በትዕዛዝ የሚመጣ፤ የእሱ የሁለት ወር ደመወዝ። ከአጭሩ ሞላ ጋር የሚሄዱ፣ የሞላውን መርገብገብ የሚያረጋጉ አራት አሞርዛተሮች፤ የሦስት ወር። መኪና ዝቅ ስትል የኋላ ጎማዎቿ ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፤ እነሱን ወደ ልካቸው የሚመልሱ ሁለት ክንዶች፤ ወር ከሳምንት። የጎማ አቅጣጫና የፊት መብራት ማስተካከያ፣ የሁለት ቀን የእጅ ዋጋ፣ ጥቃቅኑ። ነጋዴው ዝርዝሩን አየና አፉን ወደ ጎን አጣመመ።

"የሚስቴ ወንድም ሞላውን በመቁረጫ ከላዩ ላይ አንድ ዙር ቁረጠው፣ በአንድ ሰዓት ያልቃል ብሎኝ ነበር።"

ውሃ ልክ ጠመኔውን ጣለው። "የሚስትህ ወንድም ሥራው ምንድነው?"

"ልብስ ሰፊ ነው።"

"እንግዲያው ሱሪህን ያሳጥርልህ። የተቆረጠ ሞላ ከመቀመጫው ይዘላል፤ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር መኪናዋን ወደ ላይ ያስፈነጥራታል። በሦስት ወር ውስጥ አሞርዛተሩን ያነድደዋል። ያኔ መጥተህ ይኼንን ሁሉ እንደገና ትከፍለኛለህ። የእናትህን ሥራ በአቋራጭ አልሠራውም።"

ይህን ያለው ጮክ ብሎ ነው። በጋራዡ ወዲያኛው ጥግ፣ የጎማ አቅጣጫ መለኪያ ማሽኑ ላይ የምትሠራው ሴት ልጁ ራሷን ቀና አድርጋ ፈገግ አለች። ሙያውን ያስተማራት እሱ ነው፤ ካገባች በኋላም ከጋራዡ አልወጣችም። አባቷ ሲቆጣ ደስ ይላታል።

ነጋዴው ከሄደ በኋላ ባለጋራዡ ውሃ ልክን ወደ ቢሮው ጠራው። በሩን ሲዘጋ ውሃ ልክ ነገሩ ገባው።

"ወንድም ዓለም፣ ይኼ ሰው ዘጠኝ የጭነት መኪና አለው። ይቺ ካማረችለት ዘጠኙም ወደኛ ይመጣሉ።"

"ታምራለች።"

"ሰሞኑን ቁልፍ በግራህ ስትይዝ አይሃለሁ።"

"ቀኙን እያሳረፍኩት ነው።"

ባለጋራዡ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ። "ደክሞህ ከሆነ ንገረኝ እንጂ አትደብቀኝ። ወንበሩ አለ። አንተ ቤተሰብ ነህ።" በቁጣ ቢለው ይሻል ነበር። በፍቅር ነው ያለው፤ ለዚህም ነው ቃሉ ሆዱ ውስጥ ገብቶ የቀረው።

ዕቃው በሦስት ሳምንት ደረሰ። በመጀመሪያው ቀን ውሃ ልክ አራቱንም ማዕዘን ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ለክቶ በጠመኔ ጻፈ። ሊፍቱ ላይ አወጣት፣ ጎማዎቹን አወለቀ፣ የድሮዎቹን ሞላዎች በመጭመቂያ ጨምቆ አንድ በአንድ አወረዳቸው። ሞላ ሲጨመቅ ቀልድ የለም፤ ካመለጠ ሰው ይገድላል። ይህን በደረቱ ከፍታ ስለሚሠራው ግራ እጁ በቃችው። ነባሮቹን ሞላዎች በጨርቅ ጠቅልሎ ዕቃ ቤት አስቀመጠ፤ ይህ የቆየ ልማዱ ነው። አዲሶቹን አስገባ። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ የቀሩት አሥር ብሎኖች ብቻ ነበሩ።

የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ እነዚህ አሥር ብሎኖች ናቸው። ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዙት ክንዶች መጋጠሚያቸው ላይ ቦኮላ የሚባል በብረት ቀለበት የታቀፈ ወፍራም ጎማ አለ። ብሎኑ ሲጠብቅ ቦኮላው ባለበት አቋም ይታሠራል። ስለዚህ መኪናው ሊፍት ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ሳለ ብሎን አይጠብቅም፤ በእጅ ብቻ ይያዛል። ከዚያ መኪናው ወርዶ በገዛ ክብደቱ በአራት እግሩ ይቆማል። ሠራተኛው ከሥሩ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ያኔ ያጠብቃል። አየር ላይ የጠበቀ ቦኮላ መኪናው ሲወርድ እንደሚጨመቅ ፎጣ ይጠመዘዛል፤ ወደነበረበት ልመለስ እያለ መኪናውን ሽቅብ ይገፋዋል፤ ሲሰለቸው ይቀደዳል። ውሃ ልክ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን ያልነገረው ተማሪ የለም። ልጁ ገና ሥራ ስትጀምር ደብተሯ ላይ ጽፋ ከሥሩ ሁለቴ አስምራበታለች።

መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አቆማትና ወረደ። ረጅሙን ቁልፍ በቱቦ አስረዝሞ የመጀመሪያው ብሎን ላይ ሰካ። ቀኝ እጁ ደረቱ ላይ ደርሶ ቆመ። በግራው ከሥሩ ገፋው፤ አልሄደም። ግራውን ብቻ ወደ ላይ ዘርግቶ ተንጠለጠለበት። ቁልፉ ሾልኮ ግንባሩን መታው። ጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበ። እንደገና ሞከረ። እንደገናም። ብሎኑ ሩብ ዙር እንኳ አልዞረም፤ ከትከሻው ውስጥ ግን የሆነ ነገር ቀጭ ብሎ ዓይኑ ጨለመ።

ልጁ ሠላሳ ርምጃ ርቀት ላይ ነበረች። "ነይማ፣ እነዚህን አጥብቂልኝ" ቢላት እየዘለለች ትመጣ ነበር። ግን ትጠይቃለች። ከጠየቀች ታውቃለች። ካወቀች እሷው ራሷ ናት፣ ከማንም በፊት፣ "አባዬ በቃህ፣ ተቀመጥ" የምትለው።

"ወንድም ዓለም፣ አለቀ?" የባለጋራዡ ጫማ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል።

"አለቀ ማለት ይቻላል።"

ጫማው ሄደ። ውሃ ልክ ከጉድጓዱ ወጣ፣ ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ፣ መኪናዋን እየነዳ ወደ ሊፍቱ መለሳት። ብሎኖቹ ከደረቱ ትክክል እስኪሆኑ ድረስ አነሣት። አራቱ ጎማዎቿ ባዶ አየር ላይ ተንጠለጠሉ። ግራ እጁን ቁልፉ ላይ አድርጎ የሰውነቱን ክብደት ሁሉ ጣለበት። አሥሩም ተራ በተራ ጠበቁ። እንደ ልማዱ፣ ኋላ ቢላላ እንዲታወቅ፣ በእያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይ ነጭ ቀለም አሰመረ። ዕድሜ ልኩን እንደዚያ ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ አያውቅም።

ልጁ መኪናዋን ማሽኗ ላይ ስታወጣት ግንባሯን ቋጠረች። "አባዬ፣ ከፍ አላለችም? ሁለት ጣት ነው የወረደችው።"

"ሞላው ገና አዲስ ነው።"

"መሬት ላይ ነው አይደል ያጠበቅከው?"

"አንቺን ያስተማረሽ ማን ነው?" አላት።

ሳቀች። "እሱስ ልክ ነህ" ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ውሃ ልክ እጁን ሊታጠብ ሄዶ ከቧንቧው ሥር ብዙ ቆየ።

ነጋዴው እናቱን ይዞ ሊረከብ መጣ። አሮጊቷ ለዕለቱ ብለው ፀጉራቸውን አሠርተዋል። በሩ ተከፈተ፤ እግራቸውን አነሡ። የጫማቸው አፍንጫ የበሩን ደፍ ጠርዝ መታና ተመለሰ። እንደገና አነሡ። መታና ተመለሰ። ምርኩዙን ከበሩ ጎን አቆሙት። ቀዩ ክር ከጠርዙ በታች አንዲት ጣት ያህል ቀርቶ ይታያል። አሮጊቷ ክሩን አዩ፤ ውሃ ልክም አየ።

"ሞላው አዲስ ስለሆነ ነው እማማ። በሳምንት በሁለት ሳምንት ይወርዳል" አለ። ድምፁ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ተሰማው።

አሮጊቷ ግን እሱን አልወቀሱትም። ያ ነው ኋላ እንቅልፍ የነሳው። "አይ ልጄ፣ አንተማ ያልኩህን አድርገሃል" አሉት። "ክሩ ተንሸራቶ ይሆናል። ወይ እኔ።" ልጃቸው ከብብታቸው ገብቶ ወደ ላይ ገፋቸው። መኪናዋ ስትወጣ በመስኮቱ እጃቸውን አውለበለቡለት፤ ፊታቸው ግን ወደ ፊት ነበር።

ሁለት ወር አለፈ። ከዘጠኙ ጭነት መኪናዎች ሦስቱ መጡ፤ ባለጋራዡም "ውሃ ልክ ማለት ውሃ ልክ ነው!" እያለ ለመጣው ሁሉ ያወራ ጀመር። ውሃ ልክ ከባዱን ሥራ በዘዴ ወደ ሊፍት፣ ወደ ጠዋት፣ ወደ ሌላ ሰው እያዞረ ቀኑን ገፋ። ጥቁር መኪና በበሩ በገባች ቁጥር የያዘውን አስቀምጦ ከፍታዋን በዓይኑ ይለካል።

አንድ ሐሙስ ያቺው ገባች። ነጋዴው ብቻውን ነው።

"ጋሼ፣ ጉብታ ላይ ስትወጣ እንደ አሮጌ አልጋ ሲጥ ሲጥ ትላለች።"

"እማማ ደኅና ናቸው?" አለ ውሃ ልክ ከሁሉ በፊት።

"ተኝታለች።"

"አመማቸው?"

"አይ፣ ሕመምስ የለባትም።" ነጋዴው ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። "ሦስት ቀን ሞከረች፤ ሦስቱንም ቀን ገፍቼ ነው ያስገባኋት። በአራተኛው ቀን በሩ ላይ ቆመችና፣ 'መኪናዋ ሦስት ጣት ወርዳልኝ እኔ አንድ ጣት ካነስኩ፣ እግሬ አልቋል ማለት ነው። አታታሉኝ' አለች። ገብታ ተኛች። ይኸው ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ምርኩዟን እንኳ አትነካም። የሰፈሩ ሐኪም 'እግራቸው ምንም አልሆነም' ይላል። ማን ይስማው?"

ውሃ ልክ የሚይዘው ፈልጎ የሥራ ጠረጴዛውን ያዘ።

ባለጋራዡ ልጁን ጠርቶ "እስቲ አንቺ እዪያት" አላት። መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አቁማ ወረደች። በባትሪዋ ስታበራ የአባቷን ነጭ መስመሮች አየች፤ አንዳቸውም አልተነቃነቁም። ከመስመሮቹ ጎን ያሉት ቦኮላዎች ግን ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ተሰነጣጥቀዋል። ቁልፏን ሰክታ የመጀመሪያውን ብሎን አላላችው።

"ጓ!" አለች መኪናዋ።

ነጋዴው ወደ ኋላ ዘለለ። "ምንድነው? ተሰበረ?"

ሁለተኛው ሲላላ እንደገና ጓ አለች። ሦስተኛው፣ አራተኛው። በእያንዳንዱ ብሎን መኪናዋ ሸክም እንዳወረደ ሰው ትንሽ ትንሽ ዝቅ እያለች፣ በአሥረኛው ላይ አንዲት ጣት ሙሉ ወርዳ ቁጭ አለች። ባለጋራዡ ሞኝ አይደለም። ፓራፋንጎውን አየ፣ ውሃ ልክን አየ።

ልጁ ፊቷ ላይ ግራሶ ተቀብቶ ከጉድጓዱ ወጣች። አባቷን አላየችውም። ለነጋዴው ነው የተናገረችው፤ "ቦኮላው ከፋብሪካው ደካማ ነው። ያጋጥማል። እንቀይርልሃለን።"

ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ነጋዴው እሺ ብሎ ራሱን ነቅንቋል። ባለጋራዡ ትንፋሹን ለቋል። ውሃ ልክ ግን ያን ምርኩዝና ክሩን አስቦ ወደ ነጋዴው ቀረበ።

"ቦኮላው ደካማ አልነበረም" አለ። "አየር ላይ ነው ያጠበቅኩት።"

"አባዬ።"

"ተዪኝ። ጉድጓድ ውስጥ እጄ አልነሣልኝ አለ። ስለዚህ ሊፍት ላይ አጠበቅኩት። ያልወረደችው አንዲት ጣት የእኔ ናት። እናትህ እግራቸው አላለቀም ነበር። ክሩም አልተንሸራተተም።"

ነጋዴው አንድ ጣቱን አነሣ። "አንዲት ጣት?"

"አንዲት ጣት።"

"እንግዲያው ሄደህ ራስህ ንገራት። እኔን አታምነኝም።"

ልጁ አዲስ ቦኮላ አስገብታ፣ መኪናዋን በአራት እግሯ አቁማ፣ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ አሥሩንም አጠበቀች። ውሃ ልክ አጠገቧ ሆኖ ባትሪ ያዘላት። ሲለካ ሦስት ጣት፣ የፀጉር ያህል ሳይጎድል።

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ምርኩዙ በሩ ኋላ ተደግፏል፤ ቀዩ ክር አሁንም አለበት። ውሃ ልክ ከአልጋው ሥር ዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ምንም ሳይቀንስ ነገራቸው። ሲጨርስ ዞረው አዩት።

"እስቲ እጅህን አንሣ" አሉት።

አነሣ። ደረቱ ላይ ቆመ።

"ለዚህ ብለህ?"

"ለዚህ ብዬ ነው እማማ።"

"አንድ ሁለት ቀን ቆዩ ብትለኝ እኮ እቆይ ነበር። ሰው ፈልገህ ታሠራ ነበር። ምን ሥራ አለኝ?"

ውሃ ልክ እጁን አወረደ። አሮጊቷ ብርድ ልብሱን ገፉት። "በሉ፣ መኪናዋ ወርዳለች ካላችሁኝ ልነሣ" አሉ። ልጃቸው በአንድ ወገን፣ ውሃ ልክ በደኅናው እጁ በሌላ ወገን ያዟቸው። እግራቸው ወለሉን ረገጠ። ቆሙ። አንድ፣ ሁለት ትንፋሽ ያህል ቆሙ። ከዚያ ጉልበታቸው እንደ እርጥብ ወረቀት ታጠፈና ክብደታቸው ሁሉ በሁለቱ ሰዎች እጅ ላይ ወደቀ። እንደገና ሞከሩ። ሁለት ወር የተኛ ጉልበት በሰው ምክር አይቆምም። አልጋው ላይ መልሰው አስቀመጧቸው።

"ያኔ አላለቀም ነበር" አሉ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው ይመስል። "አሁን ነው ያለቀው።"

ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ውሃ ልክ ቁጣውን ቢያገኘው በደስታ ይቀበለው ነበር።

ስድስቱ ጭነት መኪናዎች አልመጡም፤ የመጡት ሦስቱም አልተመለሱም። ባለጋራዡ ክፉ ቃል አልተናገረም። አንድ ሰኞ ጠዋት ውሃ ልክ ሲገባ ወንበሩ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ አገኘው። ማን እንደጠረገው አልጠየቀም። ልጁ ከጉድጓዱ ጎን ቆማ ቁልፎቹን በየመጠናቸው እየደረደረች ነበር። የእሱን ቁልፎች።

ከአምስት ወር በኋላ ጥቁሯ መኪና ተመልሳ መጣች። ነጋዴው ከበሩ ወንበር ጎን ቆሞ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ "ጋሼ፣ የድሮዎቹን ሞላዎች ይዛችኋል?" አለው።

"ዕቃ ቤት ናቸው። በጨርቅ ተጠቅልለዋል።"

"ይመለሱልኝ። ሆዷ መሬት እየነካ አስቸገረችኝ።" ነጋዴው ወደ ኋላ ወንበሩ ዞር ብሎ አየ። "ከእንግዲህ ደግሞ ለማን ብላ ነው ዝቅ የምትለው?"

ውሃ ልክ እማማ እንዴት ናቸው ብሎ ሳይጠይቅ በግራ እጁ ወደ ውስጥ አመለከተው። መኪናዋም ወደ ውስጥ ገባች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስትወጣ ቀና ብሎ አያት። ልማድ ነውና አንድ ዓይኑን ጨፈነ። አራቱም ማዕዘን እኩል ነው። ሦስት ጣት ከፍ ብላለች። ልጁ መሬት ላይ አቁማ ነው ያጠበቀችው፤ ከዚያ ርቀት ይታወቃል። እማማ ይቀመጡበት በነበረው የኋላ ወንበር ላይ የብረት ናሙና ያለበት ካርቶን ተቀምጧል።

ፊሽካውን በግራ እጁ አነሣና ነፋ። መንገዱ ነፃ ነበር።